ሶዩዝን ከጣሪያ መስቀል፦ በአዳማ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ የመንኮራኩር ሞዴል አተካከል

ከሰው ራስ በላይ 160 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ልትሰቅሉ ነው። ከሥሩ የሚቆሙት ደግሞ በአብዛኛው አንገታቸውን አቅንተው ሽቅብ የሚያዩ የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሥራውን ድልድይ እንደሚሠራ ሰው ጀምሩት፦ መጀመሪያ ሸክሙ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚያርፍ ይታወቅ፤ መልኩ ከዚያ ይመጣል።

እኔ አዳማ ውስጥ በር፣ መስኮትና የጣሪያ ካፕሪያታ (ቆርቆሮውን የሚሸከመውን አጽም) ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ የሳይንስ ማሳያ አዳራሽ የመንኮራኩር ሞዴል ሥራልን ሲለኝ የማውቀው ብረቱን ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሥራው ላይ ተማርኩት። ከዚህ በታች ያለው ያ ሥራና በኋላ የታረመው ነው። ልኮቹ የዚያ አዳራሽ ልኮች ናቸው። እናንተ የራሳችሁን ታስገባላችሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሩት።

የትኛው መንኮራኩር?

አዘጋጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት ሳተርን 5ን ነበር። ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሮኬት ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ቁመቱ 110.6 ሜትር ነው። በአንድ አሥረኛ ልክ እንኳ ቢሠራ 11 ሜትር ይሆናል፤ አዳራሹ ደግሞ ከወለል እስከ ካፕሪያታው የታችኛው ብረት ድረስ 6.5 ሜትር ብቻ ነው። ስፔስ ሸትልም ርዝመቱ 37 ሜትር ስለሆነ በግማሽ ልክ ከ18 ሜትር ያልፋል። በጣም ካሳነሳችሁት መጫወቻ ይመስላል። ልጅ «እዚህ ውስጥ ሰው ይገባል» ብሎ የሚያምነው ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ነገር ሲያይ ነው።

የሩሲያው መንኮራኩር ሶዩዝ ግን ርዝመቱ ከ7 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ወፍራሙ ቦታ ላይ ዲያሜትሩ 2.72 ሜትር፣ የፀሐይ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10.6 ሜትር ያህል ነው። በግማሽ ልክ ርዝመቱ 3.6፣ ውፍረቱ 1.36፣ ክንፉ 5.3 ሜትር ይመጣል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ሲያመላልስ የኖረ መንኮራኩር ነው። ለእኔ ለበያጁ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ሶዩዝ ከጥንቱም ሦስት ቁራጭ ነው። ከፊት እንቁላል የሚመስለው የምሕዋር ክፍል፣ መሀል ላይ ደወል የሚመስለው የመመለሻ ክፍል፣ ከኋላ ሞተሩና ክንፎቹ ያሉበት የአገልግሎት ክፍል። ወደ ምድር ሲመለስ ሦስቱ ይለያያሉ፤ በጃንጥላ ተንጠልጥሎ ካዛኪስታን ሜዳ ላይ የሚያርፈው መሀለኛው ብቻ ነው። ሞዴላችሁንም እዚያው መስመር ላይ ከከፈላችሁት መጋጠሚያውን መደበቅ አያስፈልጋችሁም። እውነተኛውም እዚያው ላይ መስመር አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሶዩዝ ብዙ ዓይነት ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ሦስት ጠፈርተኞች በመመለስ ላይ ሳሉ አየር አምልጦ ከሞቱ በኋላ የተሠሩት አንዳንዶቹ ጭራሽ ክንፍ አልነበራቸውም፤ በባትሪ ብቻ ነበር የሚሠሩት። የአንዱን ዓይነት ክንፍ ከሌላው አካል ጋር እንዳታዳቅሉ። አንድ በረራ ምረጡ፣ የዚያን በረራ ፎቶዎች ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ የክንፉን ክፍልፋይ፣ አንቴናውን፣ መስኮቱን ከዚያ ላይ እየቆጠራችሁ ሥሩ።

ከመቁረጥ በፊት የሚለካ

ልኬት በበሩ ይጀምራል። ባለ ሁለት ተካፋች የነበረው የአዳራሹ በር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1.50 ሜትር ነው። የሞዴሉ ወፍራም ቦታ 1.36 ነውና በግራና በቀኝ 7 ሴ.ሜ ይተርፋል። ለማሳለፊያ 3 ሴ.ሜ ከተተወ የማጓጓዣ ሳጥኑ ጎን ከ4 ሴ.ሜ በላይ ሊወፍር አይችልም ማለት ነው። በሩን ብቻ ለክታችሁ አትተዉ፤ ከበሩ በፊት ያለውን ኮሪደር፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ መንገድ ላይ የተተከለውን ምሰሶ ሁሉ ለኩ። የሳጥኑን ልክ የሚያህል ፍሬም ከቀጭን ጣውላ ቸንክራችሁ ሁለት ሰው ተሸክሞት ከመኪና ማቆሚያው እስከ አዳራሹ መሀል ይሂድ። ፍሬሙ ካለፈ ሳጥኑም ያልፋል።

ቀጥሎ ካፕሪያታው። በእኛ አዳራሽ ከአንዱ ካፕሪያታ እስከ ሌላው 4 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ልኩን ወሰነልን፦ 3.6 ሜትር የሚረዝም ሞዴል በሁለት ካፕሪያታዎች መሀል ይገባል፣ የፊቱ ገመድ ወደ አንዱ፣ የኋላው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ከወለል እስከ ሞዴሉ ሆድ ቢያንስ 3 ሜትር ተዉ። ልጅ በሌላ ልጅ ትከሻ ላይ ቢወጣ እንኳ መድረስ የለበትም፤ ይሞክራሉና። ከክንፉ ጫፍ እስከ ግድግዳ ያለውን ርቀት ደግሞ እኔ የተሳሳትኩበት ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው 80 ሴ.ሜ ብላችሁ ያዙ።

ጣሪያው ይችላል ወይ?

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ከኮርኒስ ላይ ምንም ነገር አይሰቀልም። ኮርኒስ የሚችለው ራሱን ነው። ጣሪያችሁ ሶሌታ ከሆነም ምን ዓይነት እንደሆነ ሳታውቁ በትራፓኖ አትብሱት። ብዙ ሕንፃዎቻችን በአርማታ መስመሮች መሀል ባዶ ብሎኬት የተደረደረባቸው ናቸው፤ ከልስኑ በታች ስለሚደበቅ ከታች አይለይም። ብሎኬቱ ውስጥ የገባ ፊሸር ለሥዕል ፍሬም ይሆን ይሆናል፣ ከሰው ራስ በላይ ለሚሰቀል ነገር ግን ፈጽሞ። ሸክሙ ከቢም ላይ መያዝ አለበት፤ እሱንም ቢሙን ሳይበሱ ዙሪያውን በሚያቅፍ የብረት ማነቂያ።

የብረት ካፕሪያታ ሲሆን ደግሞ የሚያዝበት ቦታ ወሳኝ ነው። ካፕሪያታ ብዙ ሦስት ማዕዘን ነው። አግዳሚውና ሰያፉ ብረት የሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ብትሰቅሉ ሸክሙ በሁሉም ብረቶች ይከፋፈላል። በሁለት መጋጠሚያዎች መሀል፣ አግዳሚው ብረት ሆድ ላይ ብትሰቅሉ ግን ያ አንድ ብረት ብቻውን ይጎብጣል። እኔ ራሴ በያጅ ሆኜ ስንቱን ካፕሪያታ ሠርቻለሁ፤ ሆኖም የተሠራው ቆርቆሮውን ችሎ ነፋሱን እንዲቋቋም ነው፤ ተጨማሪ ሸክም ታስቦበት ይሁን አይሁን በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ የሕንፃውን ፕላን ይዛችሁ ወደ መዋቅር መሐንዲስ ሂዱ፣ የሞዴሉን ክብደትና የመስቀያ ነጥቦቹን በወረቀት ስጡት፣ «ይችላል» የሚለውን በፊርማ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ አይበቃም።

ፊርማው ከተገኘ በኋላም ፈትኑት። ሲሚንቶ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ለ160 ኪሎ ሞዴል አምስት ከረጢት፣ ማለትም 250 ኪሎ፣ በእንጨት መደብ ላይ አስራችሁ ከእነዚያው ነጥቦች አንጠልጥሉና አሳድሩት። ከመጫናችሁ በፊት ከካፕሪያታው ቱንቢ አውርዱ፣ የቱንቢው ጫፍ ወለሉን ሊነካ 2 ሴ.ሜ ሲቀረው እሰሩት። ማታ ከጫናችሁ በኋላና በማግሥቱ ጠዋት ያንን ክፍተት በማስመሪያ ለኩት። ማታና ጠዋት አንድ ከሆነ፣ ሸክሙ ሲወርድም ወደ 2 ሴ.ሜው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ጠዋት ይበልጥ ወርዶ ካገኛችሁት ወይም ሸክሙ ወርዶም ካልተመለሰ ሥራው ይቁም፣ መሐንዲሱ ይጠራ።

አጽሙ

መሀሉን ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ አንድ የብረት ቱቦ አለ፤ የእኛ ውጭ ዲያሜትሩ 76 ሚ.ሜ፣ ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ ነው። በሦስት ተቆርጦ በፍላንጅ፣ ማለትም ጫፍ ለጫፍ በቡሎን በሚታሰር ክብ ጠፍጣፋ ብረት፣ ይጋጠማል። እያንዳንዱ ፍላንጅ ስድስት ባለ 12 ሚ.ሜ ቡሎን ይይዛል፤ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የተቀረጸበትን ግዙ። ዳዶውም ውስጡ ናይሎን ያለው ይሁን፤ ተራ ዳዶ በንዝረት ይፈታል። የሞዴሉ ክብደት ሁሉ ወደዚህ ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ገመዱ ይሄዳል። ቆዳው መልክ ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ እንኳ እንዲሸከም አታድርጉት።

ገመዱ የሚያዝበትን ጆሮ ቱቦው ላይ አስቀምጦ መበየድ ስህተት ነው። ብየዳው ቢላቀቅ ሁሉም ነገር ይላቀቃል። ቱቦውን ከላይና ከታች በግራይንደር ሰንጥቁት፣ 10 ሚ.ሜ ውፍረት ያለውን ጠፍጣፋ ብረት በስንጥቁ አሳልፋችሁ ከላይም ከታችም በይዱት። እንዲህ ሲሆን ብየዳው ቢሰነጠቅ እንኳ ብረቱ ከቱቦው አይወጣም። የጆሮው ርዝመት 60 ሴ.ሜ ይሁን፣ በየ5 ሴ.ሜው ይበሳ። ሚዛኑ የት እንደሚያርፍ ገና አታውቁም፤ ብዙ ቀዳዳ ካለ በኋላ ትመርጣላችሁ። ቆዳው ከለበሰ በኋላ እንደገና ብየዳ አይታሰብም፤ ውስጡ እንጨትና ጨርቅ ነውና ብልጭታ አይቀርበውም።

የአካሉን ቅርጽ የሚሰጡት ከ12 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ የተቆረጡ ቀለበቶች ናቸው። መሀላቸውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ዳርና ዳሩን 12 ሴ.ሜ ያህል ተዉ። ለእኛ ዘጠኝ ቀለበት በቃን።

ቆዳው

የደወሉንና የእንቁላሉን ቅርጽ በፋይበር ግላስ ሠራን። አዳማ ላይ ልብ በሉ፦ ሙቀቱ ሬዚኑን፣ ማለትም የሚደርቀውን ፈሳሽ ሙጫ፣ ያፋጥነዋል። ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀላቀለ አንድ ጣሳ ብሩሹ ሁለት ዙር ሳይሄድ እርጎ ሆኖ፣ ከዚያ ጣሳውን እስኪያቃጥል ግሎ አይቻለሁ። ሃርድነሩን (ማድረቂያውን) በሻጩ መመሪያ ላይ ካለው ዝቅተኛ መጠን አትለፉ፣ በትንሽ በትንሹ ቀላቅሉ፣ ሥራውን ጠዋት ማልዳችሁ ጨርሱ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግዴታ ነው፤ የመስታወቱ አቧራ ቆዳ ላይም ሳንባ ላይም ክፉ ነው።

አሁን የምወደው ክፍል። ብዙ ሰው መንኮራኩር ሲባል የሚያብረቀርቅ ብረት ይታየዋል። ሶዩዝ ግን አያብረቀርቅም። ከፀሐይ ቃጠሎና ከጥላው ብርድ የሚጠብቀው ብዙ ንብርብር ያለው መሸፈኛ ለብሷል፤ ቀረብ ብላችሁ ፎቶውን ብታዩ የተሰፋ ብርድ ልብስ ይመስላል፤ ስፌቱ፣ እጥፋቱ፣ ማሰሪያው ሁሉ ይታያል። እኛም አቡጀዲ ገዝተን ገበያ ውስጥ ወደሚሠራ ልብስ ሰፊ ሄድን። የደወሉን ቅርጽ በወረቀት ቆርጠን ሰጠነው፤ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ አድርጎ እንደ ብርድ ልብስ እየተመተረ ሰፋው። «ለማን ነው ይሄ ካፖርት?» አለን፤ ስንነግረው ስፌቱን ፈትቶ እንደገና አጠበቀው። በኮላ ከተለጠፈ በኋላ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ቀለም ቀባነው፤ ስፌቱ እንዳይሞላ በስሱ፣ በሁለት ዙር። በሥራው ሁሉ ሰው ቆሞ የሚያየው እሱን ነው።

ጨርቅ ስለሆነ እሳት አለ። እሳት የሚከላከል ቅብ ከውስጥ ቀቡት፣ የሚያግል አምፖልም አታስጠጉት።

ክንፎቹ በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ 4 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ ናቸው፤ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም፣ በላዩ በቀጭን ብርማ መስመር የተከፋፈለ። ቀላል ያድርጓቸው፤ ሩቅ ስለሚደርሱ ትንሽ ክብደት ብዙ ያወዛውዛል።

ሚዛኑን ማግኘት

ይህን ሳያደርጉ ማንሳት አደጋ ነው። ሞዴሉ ሁሉ ነገሩ ተገጥሞ፣ ከፊትና ከኋላ በሁለት ሚዛን ላይ ይቀመጥ። እኛ የተጠቀምነው ከእህል ነጋዴ የተዋስነውን የኩንታል ሚዛን ነው። ሁለቱ ሚዛኖች በ3 ሜትር ርቀት ላይ ነበሩ። የፊቱ 60 ኪሎ፣ የኋላው 100 ኪሎ አነበበ። ድምሩ 160።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የፊቱን ንባብ ለድምሩ አካፍሉ፣ በርቀቱ አባዙ። 60 ሲካፈል ለ160፣ ሲባዛ በ3፣ 1.125 ሜትር ይመጣል። የክብደቱ መሀል ከኋላው ሚዛን 1.125 ሜትር ወደ ፊት ነው ማለት ነው። ቱቦው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉ። ገመዶቹን ከዚህ ምልክት እኩል ርቀት ላይ፣ አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ፣ ካሉት ቀዳዳዎች መርጣችሁ ያዙ። እኩል ከተያዘ ሁለቱም ወገን 80 80 ኪሎ ይሸከማል።

ገመዱና ማሰሪያው

ገመዱ ዘንበል ባለ ቁጥር የሚሸከመው ይጨምራል። ሁለት ገመዶች ቀጥ ብለው ቢወርዱ እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ ይይዛሉ። ከአግድመቱ በ30 ዲግሪ ብቻ ቀና ቢሉ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን 160 ኪሎ ይሸከማል። ገመድ አሳጥሬ ሞዴሉን ወደ ጣሪያ ላስጠጋው የሚል ሰው ይህን አይርሳ። የእኛ ወደ 70 ዲግሪ ነበር፤ እዚያ ላይ ጭማሪው ትንሽ ነው።

ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ በድምሩ አራት ገመድ አድርጉ፤ ሁለቱ ሁለቱ ከላይ ተራርቀው ከታች ይገናኙ። እንዲህ ሲሆን ሞዴሉ እንደ ፉርጎ በር አይዞርም። ደንቡም ይህ ይሁን፦ ሦስቱ ቢበጠሱ አንዱ ብቻውን የሞዴሉን አሥር እጥፍ ክብደት የሚችል። 8 ሚ.ሜ የብረት ገመድ በደኅና ሁኔታ ላይ ሲሆን ከ3 ቶን በላይ ይችላል፤ ማሰሪያው ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ብታስቡም ይበቃል። አሮጌ፣ የዛገ ወይም አንድ ክሩ የተበጠሰ ገመድ አትጠቀሙ።

አሁን ማሰሪያው። ገመዱ በቀለበት ዞሮ ሲመለስ ሁለት ጎን ይኖረዋል፤ አንዱ ሸክሙን የሚጎትተው ረጅሙ፣ ሌላው ዞሮ የቀረው አጭሩ ጫፍ። ሁለቱን ጎን አጣብቆ የሚይዘው ክላምፕም ሁለት አካል አለው፤ እንደ ኮርቻ የተቦረቦረው ወፍራም ብረትና ጥምዝ ቡሎኑ። ኮርቻው ሁልጊዜ በረጅሙ፣ ሸክም በሚጎትተው ገመድ ላይ ይቀመጣል፤ ጥምዝ ቡሎኑ በአጭሩ ጫፍ ላይ። ቢገለበጥ ቡሎኑ ሸክም የያዘውን ገመድ ይጨፈልቀዋል፣ ከዚያም ገመዱ የሚበጠሰው እዚያው ነው። ለ8 ሚ.ሜ ገመድ ከሦስት ክላምፕ አታሳንሱ፣ በመሀላቸው 5 ሴ.ሜ ያህል ተዉ፣ ሦስቱም ወደ አንድ ፊት ይዙሩ። ገመዱ ሸክም ሲይዝ ስለሚቀጥን ክላምፑ ይላላል። ሞዴሉ ከተሰቀለ በኋላ በዚያው ቀን፣ በማግሥቱና በሳምንቱ እንደገና አጥብቁ። ገመዱ የሚዞርበት ቦታ ላይም የብረት ማስገቢያ ይኑር፤ ባዶውን ከዞረ ይሰበራል።

የማንሻው ቀን

ቁርጥራጮቹን በጠዋት አስጫኑ፤ አይሱዙ ላይ ሦስቱን ሳጥኖች በስፖንጅና በገመድ፣ ክንፎቹን አቁማችሁ። አዳራሹ ውስጥ ወለል ላይ ሸራ አንጥፉ፣ ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ እዚያው ግጠሙ። ቡሎኖቹን በ19 ቁልፍ ካጠበቃችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ወደፊት መስመሩ ተሰብሮ ካያችሁ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ከመሬት ላይ ያልተጠናቀቀ ነገር ወደ ላይ አይሂድ፤ መሰላል ላይ ሆኖ የሚሠራ ማስተካከያ ሁልጊዜ ግማሽ ነው።

ማንሻው በእጅ የሚሠራ ቼይን ብሎክ (ሰንሰለቱ እየተጎተተ ሸክም የሚያነሣ) ይሁን፣ ባለ 1 ቶን፣ ሁለት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፈጣን ነው፣ መብራት ግን ሞዴሉ ወለሉንም ጣሪያውንም ሳይዝ መሀል ላይ ሳለ ሊሄድ ይችላል። የአዳራሹን በርና መስኮት ሁሉ ዝጉ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም፤ ከከተማዋ ዳር የቆሙት የአዳማ 1 ሠላሳ አራትና የአዳማ 2 መቶ ሁለት ተርባይኖች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። 5.3 ሜትር ክንፍ በክፍት በር የገባ ነፋስ ሲመታው ሸራ ይሆናል።

ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቼይን ብሎክ ላይ ሁለት ሰው፣ ክንፎቹን ከሩቅ በገመድ የሚይዙ ሁለት ሰው፣ ከአዳራሹ በር ላይ ሰው የማያስገባ አንድ ሰው። ሁሉም የራስ ቁር ያድርጉ። «አቁም!» የሚለው ቃል ግን ከማንም ሰው አፍ ቢወጣ ይከበር፤ የቀን ሠራተኛውም ያየውን የመናገር መብት እንዳለው ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት።

መጀመሪያ 10 ሴ.ሜ ብቻ አንሡና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ዝም በሉና አዳምጡ፤ የሚንቋቋ ብረት፣ የሚላቀቅ ጨርቅ ይሰማል። በውሃ ልክ ለኩት፣ ካጋደለ አውርዱና ሌላ ቀዳዳ ምረጡ። ከዚያ በየ20 ሴ.ሜው እየቆማችሁ፣ ሁለቱም ቼይን ብሎክ እኩል እየጎተቱ። እስኪሰቀል ድረስ ከሥሩ ማንም አያልፍም፤ የወደቀ ቁልፍ ለማንሳት እንኳ። ቋሚዎቹ አራት ገመዶች በሻክል (በፒን በሚዘጋ የብረት ቀለበት) ተይዘው፣ የሻክሉ ፒን በሽቦ ታስሮ እስኪያልቅ ቼይን ብሎኩ አይፈታ። ከዚያም ቀስ ብላችሁ ሸክሙን ወደ ገመዶቹ አዙሩ። በመጨረሻ አምስተኛ፣ ትንሽ የላላ የመጠባበቂያ ገመድ በቀጥታ ከቱቦው ወደ ሌላ መጋጠሚያ እሰሩ።

የክንፉና የግድግዳው ነገር

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዳማም ተሰምቷል። ያኔ የእኛ ሞዴል ከግድግዳው የነበረው ርቀት 25 ሴ.ሜ ነበር፤ በቂ መስሎኝ ነበር። በአንዱ ምሽት መንቀጥቀጥ የቀኝ ክንፉ ጫፍ ግድግዳውን መታ። ጠዋት ስንገባ ልስኑ ላይ የጣት ርዝመት የሚያህል ጭረት፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ከክንፉ የተፈለጠ የኮምፔርሳቶ ስንጣሪ ነበር። ገመዶቹ አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ይሁን እንጂ ስንጣሪው የወደቀው ተማሪዎች በሚሰለፉበት ቦታ ነበር፤ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ መሬቱ ይንቀሳቀሳል። የሚሰቀል ነገር ሁሉ ይወዛወዛል ብላችሁ አስቡ። 3 ሜትር ገመድ ላይ ያለ ዕቃ አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 3 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ቀስ ያለ፣ ግን ሩቅ የሚሄድ ውዝዋዜ ነው። ያደረግናቸው ለውጦች እነዚህ ናቸው፦ ርቀቱን 80 ሴ.ሜ አደረግን፤ ከክንፎቹ ሥር ወደ አምዶቹ የሚሄዱ 3 ሚ.ሜ ገመዶች ብዙም ሳይወጠሩ ጨመርን፤ የክንፉን ገጽ ቢሰበር እንኳ እንዳይወድቅ ከኋላው ስስ ናይሎን መረብ ለጠፍንበት። መንቀጥቀጥ በተሰማ ቁጥር ደግሞ አዳራሹ ይዘጋል፤ ገመድ፣ ክላምፕና የቡሎኑ የቀለም መስመር ታይቶ ብቻ ይከፈታል።

መብራትና ጽሑፍ

በሞዴሉ ውስጥ የ220 ቮልት ሽቦ አይግባ። 12 ቮልት ኤልኢዲ ብቻ፣ ትራንስፎርመሩ ወለል ላይ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ። ዋናው መብራት ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ፤ ጠፈር ላይ ፀሐይ ከአንድ በኩል ናት፣ ስፌቱም ጎልቶ የሚታየው ጥላ ሲኖር ነው።

ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፣ ልጅ በሚያነብበት ከፍታ፣ ከወለል 1.10 ሜትር ገደማ። ሞዴሉ የግማሽ ልክ እንደሆነ በመጀመሪያው መስመር ጻፉ። የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ጋጋሪን የበረረው በሶዩዝ እንዳልሆነም ጻፉ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. የበረረው በቮስቶክ ነው፤ ጎብኚ ሁሉ ግን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሰው የያዘ የሶዩዝ በረራ አብራሪ ቭላድሚር ኮማሮቭ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲመለስ ጃንጥላው በትክክል ሳይከፈት ቀርቶ እንደሞተ መጻፍን አትፍሩ፤ ልጆች ይህንንም ማወቅ አለባቸው።

ከሞዴሉ ፈንጠር ብሎ፣ ወለሉ ላይ 2.2 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ቀቡ። የእውነተኛው የመመለሻ ክፍል ስፋት ያ ነው። ሦስት ልጆች ጉልበታቸውን አጥፈው እዚያ ውስጥ ሲቀመጡ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይገባቸዋል። ከጎኑ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን አስታውሱ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው ወደ 70 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ሶዩዝ ደግሞ 7 ቶን ገደማ ነው። ሶዩዝ የእሷን መቶ እጥፍ ያህል ይመዝናል።

መዝገቡ

አንድ ደብተር ግዙ፣ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ። የመሐንዲሱ ፊርማ፣ የሚዛኑ ንባብ፣ የሲሚንቶው ፈተና ልኬት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይለጠፍ። በየሦስት ወሩ አንድ ሰው በስካፎልዲንግ ወጥቶ ገመዱን በጨርቅ ከላይ እስከ ታች ይጥረግ፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። አቧራውንም በዚያው በለስላሳ ብሩሽ ያራግፍ፤ እርጥብ ጨርቅ አቡጀዲውን ያበላሻል። ያየውን ጽፎ፣ ቀኑን አስፍሮ ይፈርም። ምንም ካላየም «ምንም የለም» ብሎ ይጻፍ፤ ባዶ መስመር ማንም አልወጣም ማለት ነው።